ያየ ያርም

ጋሽ ደበላ ማረፋቸውን ያወቅሁት በቲማቲም ሰበብ ነው። አንድ የሚኒባስ ሹፌር ደውሎ «ከመቂ የተላከልሽ ዕቃ አለ» ሲለኝ፣ ከመቂ ምን ይላካል፣ ቲማቲም ነው ብዬ ዘንቢሌን አንጠልጥዬ አዳማ መናኸሪያ ወረድኩ። ሹፌሩ ያቀበለኝ ግን በነጠላ የተጠቀለለ፣ የትሪ ያህል ስፋት ያለው ስስ ነገር ነበር። ነጠላው ላይ በመርፌ ቁልፍ የተያያዘች ወረቀት አለች። የጻፈችው የእህታቸው ልጅ ናት። «እትዬ ዓለሚቱ፣ አጎቴ ካረፉ ዛሬ ሃያ ቀናቸው ነው። ስልክዎን ያገኘሁት ከቀብር በኋላ ስለሆነ ይቅር ይበሉኝ። ‹ይሄን ለዓለሚቱ ስጪልኝ፣ እሷ ታውቀዋለች› ብለውኝ ነበር።»

እዚያው መናኸሪያው በር ላይ ባዶ ዘንቢሌን ታቅፌ አለቀስኩ። አንድ የባጃጅ ሹፌር አንገቱን አውጥቶ፣ «እማማ፣ ሌባ ነው? ምን ወሰደብዎ?» አለኝ።

«ሰው» አልኩት።

ጥቅሉን ያን ዕለት አልፈታሁትም። በጣቴ ዳብሼ ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ። ግን ከመፍታቴ በፊት ስለ ሰውዬው ልጻፍ ብዬ ተቀመጥኩ። ከተፈታ በኋላ እጄ የሚታዘዘኝ አልመሰለኝም።

ጋሽ ደበላ በደርግ ጊዜ የከተማው ሆስፒታል የራጅ ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። ያኔ አዳማን ናዝሬት ነበር የምንላት። ረጅም ሰው ናቸው፤ ጋሪ ላይ ሲቀመጡ ጉልበታቸው የፈረሱን ጭራ ሊነካ ይደርሳል። እጃቸው ሁልጊዜ በረኪና በረኪና ይሸታል። አንድ የማይለቃቸው አመል ነበራቸው፤ የሰጧቸውን ነገር ሁሉ ሳያነቡ፣ ሳይቀምሱ፣ ሳይለብሱ በፊት ወደ ብርሃን ያነሱታል። ደብዳቤም ይሁን ብርቱካን፣ የተሰፋ ሱሪም ይሁን፣ መጀመሪያ ወደ መስኮት ነው። የራጅ ሰው ስለሆኑ አይፈረድባቸውም። እኔ ግን ዝም ብዬ የማልፍ ሰው አልነበርኩም። ጤና ቢሮ ታይፒስት ነበርኩ፤ ፍጥነቴ የተመሰገነ፣ ምላሴ የተወገዘ። የተየብኩትን ደብዳቤ ወደ መስኮት ሲያነሱብኝ፣ «ምን ይፈልጋሉ ጋሽ ደበላ፣ የተሰበረ አጥንት?» እላቸዋለሁ።

«ስህተት ከጀርባው ቶሎ ይታያል» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ሁልጊዜም አንድ ፊደል ያገኙብኛል።

ሁላችንም የምናውቀው፣ እሳቸው ግን የማያነሱት አንድ ነገር ነበር። ቀደም ሲል ወንጂ፣ ስኳር እርሻው ክሊኒክ ውስጥ ሲሠሩ ሴት ልጅ ሞታባቸዋለች። ጫልቱ ትባላለች፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። የወንጂ ልጆች ሙቀቱ ሲበረታ የሸንኮራ ማሳው ቦይ ውስጥ ገብተው ይዋኛሉ። ውኃው ውስጥ ያለች ጥፍር የማታክል ቀንድ አውጣ የምትረጨው በሽታ በቆዳ ይገባና ውሎ አድሮ ሆድ ይነፋል፣ ፊት ይገረጣል። ጫልቱን የወሰዳት ይኸው ነው። እሳቸው ከዚያ በኋላ ወደ ናዝሬት ተዛወሩ፤ ስሟንም ሲጠሩ የሰማ የለም።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ በመጣ የጽሕፈት ዕቃ መካከል አንድ ያልተነሳበት የፊልም ጥቅልል ተቀላቅሎ መጣ። ማን እንዳዘዘው የሚያውቅ ጠፋ። ጋሽ ደበላ ይህን ሲሰሙ ነጭ ካፖርታቸውን እንኳ ሳያወልቁ ቢሮአችን መጡ። ወንጂ ሳሉ አንድ ወደ አገሩ የሚመለስ ፈረንጅ መሐንዲስ የሰጣቸው፣ በእጅ የሚጠመዘዝ የሲኒማ ካሜራ ነበራቸው። ካሜራው አንድ ጊዜ ሲጫኑት አንድ ሥዕል ብቻ ማንሳት ይችላል። እሳቸውም ለዓመታት ያጡት ፊልሙን ነበር። ኃላፊያችን «ለጤና ትምህርት ከሆነ ውሰዱት» አላቸው።

«ዓለሚቱ፣ ቁጥር ላይ እንዴት ነሽ?» አሉኝ ሲወጡ።

«ከኃላፊዬ እሻላለሁ።»

«በይ እንግዲህ እሑድ ቤት ነይ።»

ቤታቸው ከወፍጮ ቤት ጀርባ ነበር። ስገባ አሮጌ የራጅ ፊልም በባልዲ በረኪና ውስጥ ዘፍዝፈው ያጥባሉ። ጥቁሩ ሲለቅ የሚቀረው ሰማያዊ ቢጤ፣ እንደ መስታወት የሚያሳይ ስስ ፕላስቲክ ነው። እዚያ ላይ በቀለም ይሳላል። አሥር ያህሉን በእጃቸው ይዘው በአውራ ጣታቸው ፈርፈር ሲያደርጓቸው አንዲት ቀጭን ልጅ ስትራመድ አየሁ። ጮኽኩ። ዛሬ ልጅ ሁሉ በስልኩ የሚያየውን ነገር ያኔ በሰው እጅ ውስጥ ሲሆን ማየት ሌላ ነው።

ፊልሙ ስለ ቦዩ ነበር። አንዲት ልጅ ቦይ ውስጥ ትዋኛለች፣ ትታመማለች፣ ትሞታለች። ልጅቷን አፍ አውጥተው ባይጠሯትም ወረቀታቸው ላይ «ጫልቱ» ብለው ጽፈዋታል። ጋሽ ደበላ ከሁሉ በፊት የሳሉት የመጨረሻውን ቅጠል ነበር። ቅጠል የምንለው አንዱን የተሳለ ፕላስቲክ ነው። አሳዩኝ። ልጅቷ ሰሌን ላይ ተዘርግታለች፣ ዓይኗ ተከድኗል፣ የእናት እጅ ግንባሯ ላይ አርፏል። ሌላ ነገር የለበትም።

«መጨረሻው ይሄ ነው» አሉኝ። «ያየ ልጅ ሁለተኛ ቦይ አይገባም። ክረምት መጥቶ ትምህርት ቤት ሳይዘጋ መድረስ አለበት። አንድ ጥቅልል ነው ያለን፤ ከተበላሸ ሌላ የለም።»

«ስንት ቅጠል ይፈልጋል?»

«ሰባት መቶ።»

«እርስዎ ብቻዎን?»

«ምን በወጣኝ!» ብለው ሳቁ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል አልሰማሽም?»

እንዲህ ሆኖ ተጀመረ። በረንዳቸው ላይ ሚስማር መቱና ደብተር አንጠለጠሉበት። እኛ የሚስማር ደብተር እንለው ነበር። የራጅ ፊልሙ በበረኪና እንዴት እንደሚታጠብ፣ አንድ እርምጃ ስንት ቅጠል እንደሚፈጅ፣ ቅጠሎቹ እንዳይዛነፉ የሚደገፉበት ሁለት ሚስማር የተመታበት ሰሌዳ ልኩ ስንት እንደሆነ፣ ሁሉም እዚያ ላይ ተጽፏል። የፈለገ ሰው መጥቶ ይገለብጣል። ገልብጦ ሲሠራ የተሻለ ዘዴ ያገኘ ተመልሶ ከሥሩ ይጽፋል፤ የቀድሞውን ግን መሰረዝ አይቻልም። ፊተኛው ገጽ ላይ «ገልብጥ፣ አሻሽል፣ መልስ» ይላል። ከሥሩ በትልቁ «ያየ ያርም። ያረመ ስሙን ይጻፍ» የሚል አለበት።

ይህቺ «ያየ ያርም» የምትባል ነገር ከመጀመሪያው አልጣመችኝም። «ሁሉ ሰው ካረመው ማን ሠራው ሊባል ነው?» አልኳቸው።

«የወንጂን ቦይ ማን ቆፈረው?»

«ሠራተኛው ነዋ።»

«የማን ልጅ?»

«ስሙን ማን ያውቀዋል?» አልኩ። «አየሽ፣ ውኃው ግን ይወርዳል» አሉኝ።

ሰዉ መጣ። እንዴት እንደመጣ ዛሬም ይገርመኛል። ልብስ ሰፊ፣ አስተማሪ፣ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ፣ ከየት እንደሰሙ የማላውቃቸው ሴቶች ሁሉ መጡ። ከመቂ እትዬ ብርቄ የምትባል የሽንኩርትና የቲማቲም ደላላ ነበረች፤ ጭነት ይዛ ናዝሬት ስትመላለስ ነው የሰማችው። ደብተሩን አስገልብጣ ሄደችና መቂ ውስጥ አሥራ ሁለት ሰው ይዛ ቁጭ አለች። ቅጠሎቹን የምትልክልን በቲማቲም ሣጥን መሃል በጭነት መኪና ነው። ቅጠል ቁጥር አንድ መቶ አርባ ላይ እስከ መጨረሻው ያልለቀቀ የቲማቲም ፍሬ ነበር።

ከወንጂ ደግሞ ኤርሲዶ መጣ። ከከምባታ ለአገዳ ቆረጣ መጥቶ እዚያው የቀረ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ጣቶቹ ገጀራ ከመጨበጥ ብዛት አልዘረጋ ብለዋል። መጀመሪያ ቀን ብዕሩን እንደ ገጀራ ጨብጦ ሦስት ቅጠል ቀደደ። ጋሽ ደበላ አራተኛውን አቀበሉት። በሦስተኛው ሳምንት ውኃን የመሰለ ውኃ የሚስል እሱ ብቻ ሆነ። ቀለም ፕላስቲኩ ላይ አልይዝ ብሎ ሲንሸራተት ጠብታ የሳሙና ውኃ ጨምሮ ያስያዘውም እሱ ነው። መጻፍ ስለማይችል ደብተሩ ላይ እኔ ጻፍኩለት። «ሳሙና። ኤርሲዶ።» ስሙ ሲጻፍ ቆሞ ያየበት አስተያየት አሁንም ይታየኛል።

እኔ ቁጥር ብቻ ነበር ሥራዬ። በመጣው ቅጠል ጥግ ላይ ቁጥሩን እጽፋለሁ፣ በሣጥን አስቀምጣለሁ። ደብተሩ ላይ የጨመርኩት አንድ ነገር ነው፦ «ወፍጮው ሲነሳ መብራቱ ስለሚደክም በወፍጮ ሰዓት ካሜራ እንዳይነካ። ዓለሚቱ።» በዚህም ኮርቼ ነበር።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ማሞ ወሬው የደረሳቸው በሁለተኛው ወር ነው። በየስብሰባው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሳይሉ የማይቀመጡ ሰው ናቸው፤ እንቅልፍ የወሰደን ሁሉ በዚያች እንነቃ ነበር። በረንዳው ላይ አሥራ አምስት ሰው አጎንብሶ ሲስል አይተው ደስ አላቸው።

«ጓድ ደበላ! ይህን የመሰለ ሥራ በአሥራ አምስት ሰው? ከነገ ጀምሮ ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው አስወጣልዎታለሁ። ያልመጣ ከቀበሌ ሱቅ ስኳር አያገኝም።»

ብዕሩ ሁሉ ቆመ። ያኔ ሊቀመንበርን «አይሆንም» ማለት ምን እንደሚያስከትል በዚያ ዘመን የኖረ ያውቀዋል። ጋሽ ደበላ ግን በእጃቸው የያዙትን ቅጠል ወደ ብርሃን አንስተው ትንሽ አዩና፣ «ጓድ ሊቀመንበር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን በግድ የተሳለ እግር አይራመድም» አሉ።

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ሞክሬው ነው የምልዎት። ያለ ፍላጎቴ ደክሞኝ የሳልኩት ቀን ልጅቷ ታነክሳለች። ካሜራው ያውቃል።» ከዚያ ብዕር አቀበሏቸው። «እርስዎ በፈቃድዎ አንድ ቢስሉስ? መንገድ ዳር አህያ ትጎድለናለች።»

ጓድ ማሞ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዩ። ከዚያ ኮፍያቸውን አውልቀው ተቀመጡ። አህያዪቱ ጆሮዋ ከእግሯ ረዝሞ ወጣች። በማግሥቱ ጆሮዋን ሊያርሙ መጡ፤ በሦስተኛው ቀን ጭራዋን። ከዚያ ወዲያ ስለ ስኳሩ አላነሱም።

የመጨረሻዎቹ ቅጠሎች የመጡት አንድ ረቡዕ ነው። ሰኞ ጠዋት የጤና ቢሮው መኪና አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ፊልሙ ታጥቦ እንዲመለስ በዚያ ካልሄደ ክረምቱ ያመልጠናል። እትዬ ብርቄ የመቂውን ራሷ ይዛ መጥታለች፣ ኤርሲዶም ከወንጂ። ሰባት መቶውን በቁጥር ደረደርኩ። እስከዚያ ቀን ሁላችንም ያየነው የየራሳችንን ቁራጭ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ያየው የለም። ጋሽ ደበላ በሃምሳ ሃምሳ እየያዙ ፈርፈር ያደርጉት ጀመር።

ልጅቷ ከቤት ወጣች። ቀጭን ናት። አህያዪቱን አለፈች፣ ቦይ ውስጥ ዘለለች። የኤርሲዶ ውኃ ተረጨ፤ አጨበጨብን። ከዚያ ሕመሙ መጣ። ሆዷ ተነፋ፣ ጉንጯ ጎደጎደ። ትክክል ነው። ትንሽ እንደሄደ ግን አንድ ነገር መጣ። ጉንጯ ቀስ በቀስ ይሞላ ጀመር። ሆዷ ጎደለ። እግሯ ላይ ጫማ በቀለ፤ ከየት እንደመጣ እንጃ። ሰሌኑ ላይ ስትተኛ ሠርግ በልታ የተኛች የደላት ልጅ ትመስላለች። ከእሷ ቀጥሎ ያ ከሁሉ ቀድሞ የተሳለው፣ የጋሽ ደበላ ቅጠል መጣ። የሌላ ልጅ ሬሳ ይመስል ነበር።

ጋሽ ደበላ መልሰው አንድ ጊዜ ፈርፈር አደረጉት። ከዚያ ቅጠሎቹን ጠረጴዛ ላይ አኖሩ።

«ማነው?» አሉ።

ደብተሩን አውርደው ገለጡ። የሳሙናው፣ የመብራቱ፣ የአህያው እርማት ሁሉ ከነስሙ አለ። ስለ ልጅቷ ጉንጭ የተጻፈ አንድም መስመር የለም።

«እኔ ጉንጯን በጣም ትንሽ ነው የነካሁት» አለች እትዬ ብርቄ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ። «አሳዘነችኝ። ይህችን ታክል።»

«ጫማው የኔ ነው» አለ ልብስ ሰፊው።

ኤርሲዶ መሬት መሬት እያየ፣ «ሆዷን ቀነስኩ» አለ።

ነገሩ ገባን። እያንዳንዱ ሰው የሚገለብጠው ከፊቱ ያለውን ቅጠል ነው። እያንዳንዱም አንጀቱ አልችል ብሎ የፀጉር ያህል ጨምሮላታል። የሚቀጥለው ያንን ገልብጦ በላዩ የፀጉር ያህል ይጨምራል። ብቻውን ያዳናት የለም፤ ሁላችንም ተደባብቀን ነው ያዳንናት። ሁላችንም ያልኩት በምክንያት ነው። ቁጥር ብቻ ጻፊ የተባልኩት እኔም፣ በቁጥር ብዕሬ በየቅጠሉ የከንፈሯን ጫፍ ወደ ላይ ሳብ ሳደርግ ነበር። ያን ቀን ለመናገር አፍሬ ዝም አልኩ። ለጋሽ ደበላ የነገርኳቸው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ «አውቄአለሁ፣ ቀለምሽ የቢሮ ቀለም ነው» አሉኝ።

ያን ዕለት ግን ሲቆጡ አየሁ። በሕይወቴ ሲቆጡ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ልጄ እንዲህ አይደለም የሞተችው!» አሉ። «እንዲህ ወፍራ፣ እንዲህ ስቃ አይደለም! አይታችኋታል? እኔ ነኝ ያየኋት!»

ከዚያ ቀን በፊት ስለ ልጃቸው ከአፋቸው ቃል አልወጣም ነበር። እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ የተደረደረውን መልሼ እደረድራለሁ። የመለሰላቸው ያ ቃል የማያወጣው ኤርሲዶ ነው።

«ጋሼ፣ ሞት ለኛ አዲስ አይደለም» አለ። «እኛ ሰፈር ሞትን ለማወቅ ፊልም የሚያሻው የለም። ልጁ የታመመችበት ሰው ደብቆ ያስቀምጣታል። ክሊኒክ መውሰድ ወደ መቃብር መንገድ መጀመር ነው ይላል። ይሄን ካሳያችሁት ደግሞ የባሰ ይደብቃል። እኛ የማናውቀው መዳንን ነው፣ ጋሼ። መድኃኒት አለ ትላላችሁ። ካለ እሱን ለምን አትስሉትም?»

ጋሽ ደበላ የራሳቸውን ቅጠል አነሱና ወደ መስኮቱ ሄዱ። ወደ ብርሃኑ አነሱት። ጀርባቸውን ሰጥተውን ስለነበር ፊታቸውን አላየሁም። ሲመለሱ ቅጠሉን ከሣጥኑ ውጪ ለብቻው አስቀመጡት።

«ያየ ያርም ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ። «እናንተ አይታችኋል። ቃሌን አላጥፍም። ወደ ክሊኒክ የምትሄድበት ይሳል። አርባ ቅጠል ይበቃል። እስከ ዓርብ።»

ጓድ ማሞ ከበሩ ሆነው ሰምተዋል። እጅጌአቸውን ጠቅልለው ገቡና፣ «በፈቃዴ ነው!» ብለው ቁጭ አሉ። በዚያ ሁሉ መሃል ሳቅ ሆነ። ጋሽ ደበላም ትንሽ ሳቁ። ዓርብ ከቀትር በኋላ አርባ ሁለት ቅጠል ቆጠርኩ። ሁለቱ ትርፍ ናቸው፤ ማን እንደሳላቸው የነገረኝ የለም። ቅዳሜ ወፍጮው ባረፈባት ሰዓት ሁሉ፣ እሑድ ደግሞ ወፍጮ ስለሌለ ሙሉውን ቀን አነሳን። እኔ ቅጠል አቀብላለሁ፣ እሳቸው ካሜራውን ይጫናሉ፣ ኤርሲዶ ያለቀውን ቅጠል ያወጣል። ወገቤ ሊቆረጥ ደርሶ ነበር፣ ግን እንደዚያ እሑድ የተደሰትኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

መጨረሻ ላይ ለአንድ ቅጠል የሚሆን ፊልም ተረፈ። ጓድ ማሞ መፈክር ይጻፍበት አሉ። ጋሽ ደበላ ስም ይጻፍበት አሉ፤ የሁሉም። ስልሳ አንድ ስም በአንድ ቅጠል ላይ በጠባቡ ጻፍኩ። ሲያልቅ አየሁትና፣ «ጋሽ ደበላ፣ የእርስዎ የለም» አልኳቸው።

«ካየሽው አርሚዋ» አሉኝ። ከሁሉ በላይ ጻፍኩት።

ፊልሙ ከአዲስ አበባ ታጥቦ ሲመለስ የታየው ወንጂ፣ መጋዘኑ ግድግዳ ላይ በተወጠረ አንሶላ ነው። ፀሐይ እንደጠለቀች ተጀመረ። ሦስት ደቂቃ አይሞላም፤ ሰዉ እየጮኸ ስላስደገመን ስድስት ጊዜ አሳየን። ጉድለት ሞልቶታል። የመቂ ሰዎች እናትየውን እንስራ በጀርባዋ አሳዝለዋታል፣ የኛዎቹ ትከሻዋ ላይ ሰቅለውላታል፤ ስለዚህ እንስራው በመንገድ ላይ ቦታ ይቀይራል። በደንብ ያልታጠበ አንድ የራጅ ፊልም ነበርና ሰማዩ ላይ የማናውቀው ሰው ጎድን አጥንት ታየ። አንዲት አሮጊት «ደመናው ከስቷል» ብለው ሰዉን አሳቁት። ልጅቷ ታማ ሰሌን ላይ ስትተኛ ግን ሳቁ ቆመ። እናቷ አዝላት ክሊኒክ ስትሄድ፣ መድኃኒቱን ስትውጥ፣ ጉንጯ ቀስ በቀስ ሲሞላ፣ ያ እኛ በድብቅ የሞላነው ጉንጭ፣ ከሕዝቡ ውስጥ የሆነ ድምፅ ወጣ። ምን ልበለው፣ እፎይታ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ጋሽ ደበላ ከኔ ጋር ወንጂ ክሊኒክ ሄዱ። በሩ ላይ ሰልፍ ነበር። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለዋል፤ አንዳንዶቹ የልጁን ፊት በነጠላ ሸፍነዋል። ጋሽ ደበላ እንደ ልማዳቸው «አካም ቡልታን፣ እንዴት አደራችሁ» እያሉ ከዳር እስከ ዳር ሰላምታ ሰጡ። ከሰልፉ መሃል ኤርሲዶ ቆሟል። ሰባት ዓመት የሚሆናት ልጅ አዝሏል። ሆዷ ተነፍቷል።

ልጅ እንዳለችው እንኳ አናውቅም ነበር።

ጋሽ ደበላ እጃቸውን ዘረጉ፣ ልጅቷን ከጀርባው ተቀበሉ፣ ከዚያ በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ወደ ጠዋቱ ፀሐይ አነሷትና አዩዋት። ልጅቷ ከላይ ሆና ሳቀችባቸው። ያን አመላቸውን ከዚያ ቀን ወዲያ አልተረብኩትም።

ልጅቷ ዳነች። ስንት ልጅ እንደዳነ አልቆጠርኩም፤ ሰልፉ ግን ክረምቱን ሙሉ አልተቋረጠም። የፊልሙ ጥቅልል ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ሲዞር ተቧጭሮ ተቧጭሮ አለቀ። ደብተሩ ነው የቀረው። የቡልቡላ አንድ አስተማሪ ገልብጦ ስለ ወባ ሠራበት ሲባል ሰማሁ። ከእሱ የገለበጠ ደግሞ ሌላ ቦታ ወሰደው። ከዓመታት በኋላ አንድ ወጣት የዚያን ግልባጭ አሳየኝ፤ በማላውቀው እጅ ጽሑፍ «ሳሙና። ኤርሲዶ» የሚል አለበት።

ጋሽ ደበላ ጡረታ ሲወጡ እህታቸው ዘንድ መቂ ገቡ። በዓመት አንድ ሁለቴ እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። ዓይናቸው እየደከመ ስለሄደ ነገር ሁሉ ወደ ብርሃን ማንሳታቸው የእርጅና ይመስል ነበር፤ እኔ ነኝ የማውቀው። ስለዚያች ስለ መጀመሪያዋ ቅጠል አንድም ቀን አልጠየቅኋቸውም። የጣሏት መስሎኝ ነበር።

አሁን ጥቅሉን ፈታሁት።

እሷው ናት። ፕላስቲኩ ጠርዙ ቢጫ ሆኗል። ሰሌኑ አለ፤ የእናትየው እጅ ልጅቷ ግንባር ላይ አለ። ቀለሙ ያኔ በሚያምረው ቀጥ ባለ እጃቸው የተሠመረው ነው። ወደ መስኮቱ አነሳሁት። የተከደኑት ዓይኖች የሉም። በእርጥብ ጨርቅ ተጠርገዋል፤ ፈዛዛ አሻራቸው ይታያል። በላያቸው፣ በሚንቀጠቀጥ የሽማግሌ እጅ፣ አንዱ ከአንዱ ተለቅ ያሉ ሁለት የተገለጡ ዓይኖች ተስለዋል።

ከታች ጥግ ላይ፣ እኔ ቁጥር እጽፍበት በነበረው ቦታ፣ «አረመ፦ ደበላ» ይላል። ያችን ልጅ ካዳንናት ሰዎች ሁሉ ከእርማታቸው ሥር ስማቸውን የጻፉት እሳቸው ብቻ ናቸው።